የጥጋብና የረሃብ ዘረመሎችን በመስኖ በር ማስተማር

በአንጎል ውስጥ ያሉ የኒውሮፔፕታይድ (ነርቮች መልእክት የሚያስተላልፉባቸው አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች) ዘረመሎች በትራንስክሪፕሽን ፋክተር፣ ማለትም ዘረመል እንዲገለበጥ ወይም እንዳይገለበጥ በሚያዝ ፕሮቲን፣ እንዴት እንደሚታዘዙ ለመሰናዶ ተማሪዎች ማስረዳት የሚፈልግ መምህር በስም ዝርዝር ባይጀምር ይመረጣል። መራዊ አካባቢ ለሚያስተምር ሰው ምሳሌው ከደጅ ነው፤ በቆጋ መስኖ ውኃው በዋናው ቦይ እየወረደም እንኳ ወደ አንድ ገበሬ ማሳ የሚገባው ተራው ደርሶ የውኃ አባቱ በሩን ሲያስከፍት ነው። በሩን ፕሮሞተር (የዘረመሉ መገልበጥ የሚጀመርበት የዲኤንኤ ክፍል)፣ የውኃ አባቱን ትራንስክሪፕሽን ፋክተር፣ ማሳውን ዘረመል በሉት። ፖምሲ የተባለው የጥጋብ ዘረመል በጉበት ሕዋስም በአንጎል ሕዋስም እኩል ተጽፏል፤ ረሃብን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ በሃይፖታላመስ፣ ባሉ ጥቂት ነርቮች ግን በሩ ይከፈታል፣ በጉበት ዝግ ነው።

ቀጥሎ ጾምን አንሡ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ተማሪ የረሃብን ትርጉም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ከስብ መንጭቶ ነርቩ ላይ ሲያርፍ፣ ስታት3 የተባለው ፕሮቲን ፎስፌት ይጨመርበትና ኒውክለስ ገብቶ የፖምሲን በር ይከፍታል፤ ከዚያ የሚገኘው ፔፕታይድም የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። ምግብ ሲጠፋ ሌፕቲንና ኢንሱሊን ስለሚወርዱ፣ ኢንሱሊን ከኒውክለስ ያስወጣው የነበረው ፎክስኦ1 የተባለ ሌላ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ተመልሶ ይገባል፤ ፖምሲን ዘግቶ ረሃብ ቀስቃሹን ኤጂአርፒን ይከፍታል። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ያው አንድ ፕሮቲን ሁለት በሮችን በተቃራኒ ማዘዙ ተማሪን ያደናግራል። ዝርዝሩ በአብዛኛው በአይጦች የተጠና መሆኑንም ንገሯቸው፤ አለዚያ የምሳ ሰዓት ረሃብን ሁሉ በፎክስኦ1 ያሳብባሉ።

ክሬብ የተባለውን ሦስተኛ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር በአንድ መልመጃ ማሳለፍ ይበቃል። ሶማቶስታቲን በተባለው ኒውሮፔፕታይድ ዘረመል ፕሮሞተር ላይ የሚያርፍበትን የዲኤንኤ ፊደላት ረድፍ «ቲ ጂ ኤ ሲ ጂ ቲ ሲ ኤ» በሰሌዳ ጽፋችሁ፣ ኤን ከቲ፣ ጂን ከሲ እያጣመሩ ትይዩውን ረድፍ እንዲሠሩና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲያነቡት አድርጉ። ያንኑ ረድፍ መልሰው ያገኙታል፤ ጥንድ ሆኖ ለሚያርፈው ክሬብም የሚስማማው ይኸው ነው።

የመስኖው ምሳሌ የሚሰበርበትን ቦታ አትደብቁ። ውኃ ሲቀዳ ይጎድላል፣ ዘረመል ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ አይጎድልም፤ ደግሞም ፖምሲ መጀመሪያ ረጅም ፕሮቲን ሆኖ ተሠርቶ በኋላ በኢንዛይም ስለሚቆራረጥ፣ የኤምአርኤንኤው (ከዘረመሉ የተገለበጠው ቅጂ) ብዛት ብቻ የፔፕታይዱን ብዛት አይነግረንም።

ለፈተና ይህን አቅርቡ፦ የአይጥ ፎክስኦ1 ከሃይፖታላመስ ነርቮች ኒውክለስ እንዳይወጣ ቢደረግ፣ አይጧ የምትበላው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? «ይጨምራል» ያለ ሁሉ ሙሉ ነጥብ አያግኝ፤ የትኛው በር እንደተዘጋና የትኛው እንደተከፈተ ሁለቱንም ይጻፍ።