ከውጭ ሲመለሱ የመኪናዎ ቦሎና ምዝገባ ጊዜው አልፎ ካገኙት፦ ችግርና መፍትሄ

ባለቤቱ ውጭ አገር እያለ ለዓመታት ቆሞ የከረመ መኪና ውዝፉ ሁለት ነው። አንዱ መዝገብ ላይ የተጠራቀመው ግብርና ቅጣት ነው፤ ሌላው ባትሪው፣ ፍሬኑና ጎማው ላይ የደረሰው ጉዳት። ሁለቱ የሚገናኙት ምርመራ ጣቢያ ላይ ስለሆነ አንዱን ትቶ በሌላው መሮጥ አያዋጣም። ሞተሩን ለማስነሳት ከመቸኮልዎ በፊት ሊብሬውን ያውጡና ወረቀቱ የቆመበትን ቦታ ይወቁ።

ችግር፦ እያንዳንዱ ቢሮ የሌላውን ወረቀት ይጠይቃል

ግብር የሚቀበለው የምርመራ ውጤት አምጡ ይላል። መርማሪው ኢንሹራንስ ይጠይቃል፤ ኢንሹራንሱ ደግሞ ምዝገባው ታድሷል ወይ ይላል። ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ለደላላ ይሰጣል።

ምክንያቱ፦ አሠራሩ የተዘጋጀው በየዓመቱ ሳያቋርጥ ለሚያድስ ሰው ነው። የዘንድሮው ወረቀት የአምናውን ተደግፎ ይቆማል፤ የአምናው ከሌለ ሁሉም ይንጠለጠላል።

መፍትሄው፦ አብዛኛውን ጊዜ መጀመር የሚቻለው ከሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። መድን ሰጪው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ይዞ ውል ሊገባ ይችላል፤ መኪናው ለስንት ጊዜ እንደቆመ ሳይደብቁ ይንገሩት። ውሉ ከዛሬ ይጀምር። ቀኑን ወደ ኋላ እንጻፍልዎ የሚል ቢመጣ እሺ አይበሉ፤ ነገ አደጋ ቢደርስ ውሉ የሚፈርሰው በዚያች ወደ ኋላ በተጻፈች ቀን ምክንያት ነው። ቀጥሎ መኪናውን ወደ ምርመራ ለመውሰድ ጊዜያዊ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይጠይቁ። ፈቃድ ካልተገኘ በክሬን ያስጭኑት። ጣቢያው ቅርብ ነው ብሎ ቦሎው ያለፈበትን መኪና መንዳት አዲስ ቅጣት መግዛት ነው።

ችግር፦ የተጠየቁት ገንዘብ ከጠበቁት በላይ ሆነ

ምክንያቱ፦ አንድ ድምር ሆኖ የሚነገርዎ ቁጥር ውስጥ ዋናው ግብር፣ የመዘግየት ቅጣትና ወለድ አብረው አሉ። እርስዎ በሌሉበት ሌላ ሰው ነድቶት ከነበረ የትራፊክና የፓርኪንግ ቅጣትም ይጨመራል።

መፍትሄው፦ ከመክፈልዎ በፊት ዝርዝሩን በየዓመቱ ተለይቶ በጽሑፍ ይጠይቁ። ብዙ ቦታ የቅጣት ማንሻ ጥያቄ ዋናውን ግብር አይነካም፤ ቅጣቱና ወለዱ ላይ ግን ሊታይልዎት ይችላል። አገር ውስጥ እንዳልነበሩ የሚያሳየው የፓስፖርቱ የመውጫና የመግቢያ ማህተም ወይም የመኖሪያ ፈቃድዎ ነው። መኪናው እንዳልተነዳ ደግሞ ከመሄድዎ በፊት በነበረው የምርመራ ወረቀት ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ይመሰክርልዎታል። ወረቀቱን ዛሬ ቆጣሪው ላይ ከሚታየው ፎቶ ጋር አያይዘው ያቅርቡ። አንዳንድ አገር መኪናው ከመንገድ ወጥቷል ብሎ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ዘመድ አስመዝግቦልዎ ከሆነ ያንን ደብዳቤ ይፈልጉ፣ ትልቁ ማስረጃዎ እሱ ነው። ማመልከቻው ከክፍያው ይቅደም። ከከፈሉ በኋላ ማስመለስ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ችግር፦ መኪናው መዝገብ ላይ አይገኝም፣ ወይም ቁጥሩ አይገጥምም

ፋይሉ ወደ ማህደር ተልኮ ወይም ምዝገባው ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ስረዛ ከሆነ ማደስ ሳይሆን እንደገና ማስመዝገብ ስለሚሆን ሊብሬውንና መኪናው የተገዛበትን ወይም ቀረጥ የተከፈለበትን ሰነድ ያዘጋጁ። ቁጥሩ ካልገጠመ ግን አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ስህተት ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች የሻንሲ ቁጥራቸው 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ በውስጡም «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም። ሊብሬው ላይ «ኦ» ካዩ ትክክለኛው ዜሮ መሆን አለበት። ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር አቧራውንና ዝገቱን በጨርቅ ጠርገው ፎቶ ያንሱ፤ በአሸዋ ወረቀት ግን አይፈግፍጉት፣ የተነካካ ቁጥር ጥርጣሬ ያመጣል።

ችግር፦ ምርመራው ላይ ይወድቃል

ሰው ብዙ የሚመላለሰው እዚህ ላይ ነው፤ መመላለሱ ደግሞ የሚቀር ነገር ነው።

ሞተሩ ይሠራል፣ የሚያስጠነቅቅ መብራት የለም፣ ግን ኮምፒውተሩን የሚያነበው መርማሪ «ዝግጁ አይደለም» ይላል። ምክንያቱ ባትሪው ነው። ባትሪው ሲሞት ወይም ሲነቀል ኮምፒውተሩ ስለ ጭሱ መቆጣጠሪያ ያከማቸው የራስ ፍተሻ ውጤት ይጠፋል፤ በኬብል አስነስተው በቀጥታ ጣቢያ ከሄዱ ባዶ ሆኖ ነው የሚያገኙት። መፍትሄው ጥገና አይደለም፣ መንዳት ነው፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ማስነሳት፣ ከተማ ውስጥ ቆም ቀጥል እያሉ መንዳት፣ ከዚያ በተስተካከለ ፍጥነት ረዘም ያለ መንገድ። ይህን ለጥቂት ቀናት ይድገሙት፤ ስለዚህ ጊዜያዊ ፈቃዱን ሲጠይቁ ቀኑ እንዲበቃዎት ያስቡበት። ባትሪውንም ይለኩት፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። ለወራት ባዶ ሆኖ የቆየ ግን ቻርጅ ቢደረግም መልሶ ይጥላል፤ ቢቀየር ይሻላል።

ጭሱ ከመጠን በላይ ከሆነ መጀመሪያ ቤንዚኑን ይጠርጥሩ። ቤንዚን በወራት ውስጥ ይበላሻል፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ውኃም ይስባል። አዲስ ጨምሮ ማቅጠን ለዓመታት ለቆመ ነዳጅ አይሠራም፤ ታንከሩ ይፍሰስ፣ ማጣሪያው ይለወጥ።

ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ዲስኩን በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ላዩ ላይ ያለ ስስ ዝገት በጥቂት ማቆም ይለቃል፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ግን ዲስኩ አልቋል። የእጅ ፍሬን ተስቦ የቆመ መኪና ሸራው ከከበሮው ጋር ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል በጉልበት ለማላቀቅ አይሞክሩ፤ መካኒክ ይፍታው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ይቀየር።

ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በዕድሜው ሊወድቅ ይችላል። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፦ 2316 ማለት በ2016 (እንደ አውሮፓውያን) 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሥር ዓመት የሞላውን ምርመራ ቢያልፍም እኔ አልነዳበትም፤ ሲሞቅ የሚፈነዳው እንዲህ ያለው ነው።

ችግር፦ ወኪልዎ ሄዶ «ውክልናው አይሠራም» ተባለ

ወይ «መኪናዬን ያስተዳድር» ብቻ ይላል፣ ወይ ውጭ አገር ተፈርሞ አልተረጋገጠም። ምዝገባ ማደስ፣ ግብርና ቅጣት መክፈል፣ ለምርመራ ማቅረብና ሰሌዳ መረከብ በስም ተዘርዝረው ይጻፉ፤ የታርጋና የሻንሲ ቁጥሩም ይግባበት። ማረጋገጫው በኤምባሲ በኩል ይሆናል፤ ሁለቱም አገሮች የ1961ዱን (እንደ አውሮፓውያን) የሄግ ስምምነት ከተቀበሉ ደግሞ አፖስቲል፣ ማለትም ሰነዱ የተፈረመበት አገር የሚሰጠው የማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ይበቃል። ተመልሰው የሚሄዱ ከሆነ ይህንን ውክልና ከመነሳትዎ በፊት በአካል ፈርመው ይተዉት፤ የምርመራውን፣ የኢንሹራንሱንና የግብሩን ማብቂያ ቀንም ጽፈው ለወኪልዎ ይስጡት።