አሜሪካ ውስጥ የእርሻ መሬትዎን ጦም አሳድረው ከመንግሥት ኪራይ ለመቀበል

የደከመ መሬት ጦሙን ይደር ማለትን ከአባቶቻችን ሰምተነዋል። ጦሙን ላደረ መሬት መንግሥት ኪራይ ይከፍላል ሲባል ግን ብዙ ሰው አያምንም። አሜሪካ ውስጥ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ አለ። ስሙ ሲአርፒ ነው። ጎርፍ የሚያጥበው ወይም ወንዝ ዳር ያለ ማሳ ከእርሻ ይወጣል፣ ሣር ወይም ዛፍ ይለብሳል። ባለቤቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት በየዓመቱ ኪራይ ያገኛል።

መጀመሪያ የመሬቱን ሰነድ ይዘው በካውንቲዎ (በወረዳዎ) የሚያገለግለው የኤፍኤስኤ ቢሮ ይሂዱ። ኤፍኤስኤ የግብርና ሚኒስቴሩ የገበሬዎች ቢሮ ነው። መሬቱን ቢያንስ ለ12 ወራት በባለቤትነት ይዘውት መቆየት አለብዎ። በውርስ የመጣ ከሆነ ይህ አይመለከትዎም። የእርሻ ታሪኩም ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2018ቱ የግብርና ሕግ መሠረት ማሳው እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2017 ባሉት ስድስት ዓመታት ቢያንስ አራቱን የታረሰ መሆን አለበት።

ማሳውን የሚያርስ ተከራይ ካለ ቀድመው ያነጋግሩት። ለዚህ ክፍያ ሲባል ተከራይን ማባረር አይፈቀድም። ትክክልም ነው፤ እንጀራው እዚያ ላይ ነውና።

ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቁ። ተመኑ የሚወጣው በአፈሩ ዓይነትና በካውንቲው የመሬት ኪራይ ነው። የጎረቤት ማሳ የተከፈለውን ሰምተው አይቁረጡ፣ የራስዎን አፈር ያስሰሉ። ለምሳሌ በኤከር (ወደ 0.4 ሄክታር) 100 ዶላር ቢወጣ፣ 40 ኤከር በዓመት 4,000 ዶላር ይሆናል። ለአንድ ሰው በዓመት የሚከፈለው ኪራይ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነው። ይህንን ክፍያ መሬቱን ለገበሬ ቢያከራዩ ከሚያገኙት ጋር ያስተያዩት።

ለሚታረስ ማሳ መግቢያው ሁለት ነው። አጠቃላይ ምዝገባው በታወጀ ጊዜ ብቻ ይከፈታል፣ በነጥብም ያወዳድራል። ተከታታይ የሚባለው ግን ለወንዝ ዳር ሣርና ለመሳሰሉት ነው፤ ውድድር የለውም። ትንሽ ቁራጭ መሬት ላለው ሰው እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። ጥሩውን ማሳ እያረሱ ዳሩን ብቻ ማስገባት ይቻላል።

አሁን ውሉ። እባክዎ ሳይቸኩሉ ያንብቡት። በመሃል ማቋረጥ ከፈለጉ እስከዚያ የተቀበሉትን ኪራይ በሙሉ ከነወለዱ ይመልሳሉ፤ ቅጣትም አለበት። በአምስተኛው ዓመት ልሸጠው ወይም ቤት ልሠራበት ብሎ የሚያስብ ሰው ባይፈርም ይሻለዋል። መሬቱ ቢሸጥ እንኳ ገዢው ውሉን ካልተረከበ ዕዳው የሻጩ ነው።

ከሣሩ ዘርና ከተከላው ወጪ እስከ ግማሹ ድረስ መንግሥት ይጋራል። ምን እንደሚዘራ ዕቅዱን አብሮዎት የሚያወጣው የኤንአርሲኤስ (የሚኒስቴሩ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ክፍል) ባለሙያ ነው። ውሉ ሳይጸድቅ ግን አንድ ፍሬ ዘር እንኳ አይግዙ፤ ቀድሞ ለወጣ ገንዘብ ድርሻ አይሰጥም። ደረሰኞችን ሁሉ ያስቀምጡ።

ከዚያ በኋላ ሥራው አያልቅም። አረሙን መቆጣጠር የእርስዎ ነው። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት ደግሞ ሣሩ አይታጨድም፤ ወሩን ቢሮው ይነግርዎታል።

ኪራዩ በዓመት አንዴ፣ ከኦክቶበር መጀመሪያ በኋላ ባንክዎ ይገባል። ታክስ ስላለበት ከሌላው ገቢዎ ጋር ያስመዝግቡት።