አሮጌ የፊልም ካሜራ በትንሽ ገንዘብ ገዝቶ፣ አድሶ ፎቶ ማንሳት

በአሮጌ ካሜራ ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሰው ከጊዜ በኋላ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ለካሜራው ሳይሆን ለፊልምና ለእጥበት ነው። ብርሃን የሚያስገባ ርካሽ ካሜራ አንድ ሙሉ 36 ፎቶ ካበላሸ ርካሽነቱ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ቁጠባው የሚጀምረው የሚሠራ ካሜራ ከመምረጥና በቀላሉ የሚታደሰውን ክፍል በእጅ ከማደስ ነው።

የትኛውን መግዛት?

ለመጀመሪያ ሻተሩ (ለቅጽበት ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው ክፍል) ያለ ባትሪ የሚሠራ ካሜራ ይምረጡ። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 የተመረተው ፔንታክስ ኬ1000 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ባትሪው የሚያስፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ስለሆነ ባትሪ ባይኖርም ከ1 ሰከንድ እስከ 1/1000 ሰከንድ ድረስ በሁሉም ፍጥነት ያነሳል። ካኖን ኤኢ-1ም እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ምርጥ ካሜራ ነው፤ ነገር ግን ሻተሩ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ በመሆኑ ባለ 6 ቮልት ባትሪው ከሞተ ምንም አያነሳም። የውስጥ ሰርኪዩቱ ከተቃጠለ ደግሞ መለዋወጫው የሚገኘው ከሌላ ኤኢ-1 ተፈትቶ ነው። ባለ ዝናው ትንሽ አውቶማቲክ የኪስ ካሜራ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይመከርም፤ ዋጋው በስሙ ብቻ ይወደዳል፣ ሲበላሽም ብዙውን ጊዜ አይጠገንም።

በጣም ርካሽ የሚፈልግ የሶቪየቱን ዜኒት-ኢ ይመልከት። ከባድ ነው፣ ፍጥነቱም ከ1/30 እስከ 1/500 ብቻ ነው፤ ሆኖም አብሮት የሚመጣው ሄሊዮስ-44 ሌንስ (58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2፤ ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከዋጋው በላይ ይሠራል። በብዙዎቹ ዜኒት-ኢዎች ላይ የኤም42 ጥርስ (ሌንሱ የሚጠመዘዝበት መግጠሚያ) ያላቸው ሌንሶች ስለሚገጥሙ ሌንስ ማሰባሰቡም አይከብድም። የሴሊኒየም ብርሃን መለኪያው በእድሜ ብዛት የደከመ ከሆነ አያሳስብም፤ ሻተሩ ከእሱ ጋር አይገናኝም። ዞርኪ ወይም ፌድ የተባሉትን የሶቪየት ካሜራዎች ከገዙ ግን አንድ ሕግ አለ፦ መጀመሪያ ማንሻውን ስበው ሻተሩን ያዘጋጁ፣ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን ይቀይሩ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ቅደም ተከተሉን ማዛባት የውስጥ ጥርሱን ሊሰብር ይችላል።

ከመክፈል በፊት

የኋላ በሩን ይክፈቱና ሌንሱን ይንቀሉ። በ1 ሰከንድ ያንሱና በስልክ ድምፅ ቀድተው ርዝመቱን ይለኩ፤ ትንሽ ቢዛነፍ ችግር የለውም፣ መሃል ላይ ደንቅፎ ከቀረ ግን የውስጥ ቅባቱ ደርቋል። ከዚያ ካሜራውን ወደ ደማቅ ብርሃን አዙረው በ1/1000 ወይም በ1/500 ያንሱ፤ ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሊበራ ይገባል። አንዱ ጎን ከጠቆረ የሻተሩ መጋረጃዎች እኩል አይሄዱም ማለት ነው። የጨርቅ መጋረጃ ከሆነ በጨለማ ክፍል ውስጥ የባትሪ መብራት በአንድ በኩል ይዘው በሌላው በኩል ቀዳዳ ይፈልጉ።

ሌንሱን ከኋላ በመብራት ይዩ። አቧራ ምስል አይነካም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካዩ ሻጋታ ነው፣ አይግዙት። የአፐርቸሩ (በሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን ቀዳዳ) ምላሶች ዘይት ከጠጡ ቀስ ብለው ይዘጋሉ፣ ፎቶውም ከሚገባው በላይ ይበራል። የኋላ በሩ ጠርዝ ላይ ያለው ስፖንጅ ተጣብቆ ጥቁር ሙጫ ቢሆን ግን ዋጋ ማስቀነሻ ነው እንጂ ካሜራውን አያስጥልም። ሻጩ «አልተሞከረም» ካለ እንደተበላሸ ቆጥረው ዋጋ ይስጡ።

የብርሃን መከላከያ ስፖንጁን መቀየር

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ ካሜራዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ሥራ ያስፈልጋቸዋል። ስፖንጁ በጊዜ ብዛት ወደ ዝፍት የመሰለ ነገር ይለወጣል፤ ብርሃን ማገዱን ትቶ ፍርፋሪ ያራግፋል። ይህ ፍርፋሪ መጋረጃው ላይ ከወደቀና ከተጣበቀ ደህናውን ሻተር ያበላሻል፤ ጥንቃቄው ሁሉ ለዚህ ነው።

የሚያስፈልገው፦ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ስቴኪኒ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ወረንጦ፣ አዲስ ምላጭ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ባለ ሙጫ ጥቁር ስፖንጅ። በበሩ ላይና ታች ለሚገኙት ጠባብ ቦዮች ከስፖንጅ ይልቅ ጥቁር የሱፍ ክር ማስገባት ይሻላል፤ ክር አይበሰብስም፣ ለመቁረጥም አያስቸግርም።

በመጀመሪያ የሻተሩን ክፍተት በወረቀት ይሸፍኑ፤ ወረቀቱ በጠርዙ ላይ በቀላሉ በሚነሳ ቴፕ ይያዝ፣ መጋረጃውን ግን አይንካ። ካሜራውን ሁልጊዜ የተከፈተው በኩል ወደ ታች እንዲያይ አድርገው ይያዙት፤ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ መሬት ይውደቅ። የስቴኪኒውን ጫፍ በምላጭ ጠፍጣፋ አድርገው የደረቀውን ስፖንጅ ይፋቁ። ብረት አይጠቀሙ፤ ቀለሙን ይልጠዋል፣ የተላጠው ቦታ ደግሞ ብርሃን ያንጸባርቃል። የተጣበቀውን ጥጡን በአልኮል አርጥበው ይንኩትና ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይፋቁ። ጥጡ ይርጠብ እንጂ አይንጠብጠብ፤ ትርፍ አልኮል ወደ ፎቶ ቁጥር መስኮቱ ይሰርጋል። ጥጡ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል፤ የቀረ ቅሪት አዲሱን ሙጫ አያስይዝም።

አዲሱን ስፖንጅ ቦታው ላይ ከለኩ በኋላ በምላጭና በማስመሪያ ይቁረጡ። ሙጫውን በእርጥብ ጣት ነካ ቢያደርጉት ለጥቂት ጊዜ ስለማይዝ ሳይቸኩሉ ያስተካክላሉ። በማጠፊያው በኩል ያለው ቁራጭ ሰፋ ይላል፤ ብርሃን በብዛት የሚገባውም በዚያ ነው። ሲጨርሱ በሩ ሳይገፋ መዘጋት አለበት። የሚያስገድድ ከሆነ ስፖንጁ ወፍሯል፤ ቀጠን ያለውን ይለጥፉ።

ከሌንሱ በስተኋላ ካለው መስታወት በላይ ያለው ስፖንጅ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መስታወቱ የተለበጠው ከፊት ለፊት ስለሆነ በጨርቅ ቢያብሱት ልባጡ ይነሳል፤ ከሱ በላይ ያለው የፎከስ ስክሪን (በማያ መስኮቱ የምናየው ምስል የሚያርፍበት) ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ አልኮል ያበላሸዋል። ሁለቱንም በቀጭን ወረቀት ሸፍነው ይሥሩ፤ ፍርፋሪ ከወደቀ በአየር መንፊያ ብቻ ያስወግዱ። አዲሱ ስፖንጅ ከወፈረ መስታወቱ እስከ መጨረሻው አይነሳም፣ የፎቶው አንድ ጠርዝ ይጠቁራል። ሥራውን ሲጨርሱ በ«ቢ» ፍጥነት (ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ ሻተሩ ክፍት የሚሆንበት) ተጭነው መስታወቱ ሙሉ በሙሉ መነሳቱን በኋላ በኩል ይመልከቱ።

ባትሪ

ክፍሉ ውስጥ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ኮምጣጤ በነካው ጥጥ አጥፍተው፣ በአልኮል ጠርገው፣ የብረቱን ገጽ በላጲስ ያሹት። ኦሊምፐስ ኦኤም-1ና ሚኖልታ ኤስአርቲ-101 የተሠሩት ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ ዛሬ አይሸጥም። በቦታው 1.5 ቮልት አልካላይን ቢገባ መለኪያው ይሳሳታል፣ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ስህተቱም ይለዋወጣል። ለመስሚያ መሣሪያ የሚሸጠው 675 የዚንክ-አየር ባትሪ ትንሽ ቀለበት ከተደረገለት ርካሽ መፍትሔ ነው፤ ተለጣፊው ከተነሳ በኋላ ግን በጥቂት ወራት ይደርቃል። የኬ1000 መለኪያ ማጥፊያ የለውም፤ ካነሱ በኋላ የሌንሱን ክዳን ይመልሱ።

የዘገየ ሻተር ላይ ዘይት አይርጩ። ዘይቱ ወደ አፐርቸሩና ወደ መጋረጃው ይሄዳል፣ ባለሙያውም ቀድሞ የሚያጸዳው እሱን ይሆናል። ባዶውን ካሜራ ደጋግሞ ማንሳት አንዳንዴ ያፍታታዋል፤ ካልሆነ ለባለሙያ ይስጡ።

ፊልም መጫንና ማንሳት

ጫፉን መጠቅለያው ላይ ያስገቡ፣ ጥርሶቹ ቀዳዳዎቹን በሁለቱም በኩል መያዛቸውን አይተው በሩን ይዝጉ፣ ሁለት ጊዜ ያሳልፉ። ማንሻውን ሲስቡ በግራ በኩል ያለው የመመለሻ እጀታ አብሮ ካልዞረ ፊልሙ አልተያዘም።

መለኪያ ባይኖርም በፀሐይ 16 ሕግ ይሠራል፦ በጠራ ፀሐይ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርገው የሻተሩን ፍጥነት ከፊልሙ አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ንቃት፣ በሳጥኑ ላይ የሚጻፍ) ጋር ያቀራርቡ፤ ለ400 ፊልም 1/500። ቀላል ደመና ኤፍ 11፣ ድፍን ደመና ኤፍ 8፣ ጥላ ኤፍ 4። ኔጋቲቭ ፊልም (ብሩህና ጥቁሩ ተገልብጦ የሚወጣበት) ብርሃን ከሚያንሰው ቢበዛበት ይሻለዋል፤ ሲጠራጠሩ አንድ ደረጃ ይክፈቱ፣ ለምሳሌ ከኤፍ 16 ወደ ኤፍ 11።

ጥቁርና ነጭ የሚያነሱ ሰዎች የ30.5 ሜትር ጥቅልል ገዝተው በባዶ ካሴት ቢሞሉ ወደ 18 የሚጠጋ ባለ 36 ፊልም ያገኛሉ፤ ማጠቡም በቤት በ20 ዲግሪ ሙቀት ይሠራል። የቀለም ፊልም እጥበት 38 ዲግሪን በጥብቅ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ ላቦራቶሪ ማሳጠብ ይቀላል።

የመጀመሪያው ፊልም ካሜራውን መፈተኛ ይሁን፤ የእያንዳንዱን ፎቶ ፍጥነትና አፐርቸር ይጻፉ፣ ኔጋቲቩ ሲመጣም ሳይቆረጥ ይመልከቱት። ጭረት የመሰለ ጥቁረት ከምስሉ አልፎ እስከ ጥርስ ቀዳዳዎቹ ከደረሰ ብርሃኑ የገባው በበሩ በኩል ነው፤ በቀለም ፊልም ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፎቶው ላይ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሆኖ ይታያል። በምስሉ ውስጥ ብቻ ከቀረ መጋረጃውን ይጠርጥሩ። በፈጣን ፍጥነት የተነሱት ብቻ በአንድ ጎን ከሳሱ ችግሩ የሻተሩ መጋረጃዎች ሚዛን ነው። ፎቶዎቹ ከተደራረቡ ችግሩ ማሳለፊያው ላይ ነው፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።