ዥጉርጉር ዳቦ በስንዴና በዳጉሳ

ዥጉርጉር ዳቦ ነጭና ጥቁር ሊጥ አብሮ ተጠቅልሎ የሚጋገር ነው። ጥቁሩን ብዙ ሰው በካካዎ ነው የሚሠራው። እኔ ግን ጎጃም ተቀምጬ፣ ጓዳዬ ውስጥ ዳጉሳ እያለ፣ ካካዎ ፍለጋ አልዞርም። ደብረ ማርቆስ ቤቴ ውስጥ ጥቁሩን ሊጥ በዳጉሳ ነው የማቦካው። ቀለሙ ያምራል፣ ጣዕሙም እህል እህል ይላል።

ለነጩ ሊጥ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት ያዙ። ለጥቁሩ 170 ግራም ስንዴና 80 ግራም ዳጉሳ። ለእያንዳንዳቸው አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ዘይት። ጥቁሩ ላይ የተፈጨ ኮረሪማ ቆንጠር አድርጌ እጨምራለሁ። ዳጉሳውን አታብዙ። እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን ስለሌለው አየር አይዝም፣ ዳቦው ድርቅ ይላል።

ዋናው ነገር ውሃው ነው። ሁለቱ ሊጦች እኩል መለስለስ አለባቸው። ለነጩ 160 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ዳጉሳው ውሃ ስለሚጠጣ ለጥቁሩ 175 ግድም። አስር አስር ደቂቃ እሹና በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጓቸው። እኩል ከሰመጡና እኩል ከተመለሱ በቃ። አንዱ ከጠነከረ ግን ሲቆረጥ ሽፋን ሽፋኑ ይላቀቃል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ስለሚበርድ ሊጡ ይለግማል። አንዴ ሙቀት ካገኘ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ኩፍ ይላል። ስለዚህ ሰዓት አልቆጥርም፤ ሸፍኜ ምድጃ ዳር አስቀምጥና እጥፍ ሲሆን አነሳዋለሁ።

ከዚያ ሁለቱንም በመዳመጫ ዘርጓቸው፣ ጥቁሩን ነጩ ላይ አንጥፉ፣ እንደ ሰሌን ጠቅልሉ። ጥቅሉን ሁለት ጊዜ ብቻ ጠምዝዙት። መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ አንድ ላይ አሸኋቸውና ዳቦው በሙሉ ዳለቻ ሆኖ ቀረ። ዝንጉርጉሩ የሚወጣው እጅ ሲሰበሰብ ነው።

የዳቦ ቅርጹ ውስጥ ኮባ አነጥፋለሁ። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብለብ ሳደርገው አረንጓዴው ይደምቃል፣ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ሊጡ እላዩ ላይ እንደገና ትንሽ ኩፍ ይበል። ኦቨኑን በ190 ዲግሪ አሙቁና ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ጋግሩ። አውጥታችሁ ታቹን ስትመቱት እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ካሰማ በስሏል።

ሳይበርድ አትቁረጡት፣ ውስጡ ይጣበቃል። ልጆቼ አላስቆም ስለሚሉኝ ማታ እጋግርና በነጠላ ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት በስስ ቆርጬ፣ በምጣድ አሞቅ አሞቅ አድርጌ፣ ማር ቀብቼ ከሻይ ጋር አቀርበዋለሁ።