ለዒላማም ለአደንም የሚሆን የመጀመሪያ ጠመንጃ አመራረጥ፦ በኮሎራዶ ለሚኖሩ

አንድ ጠመንጃ ብቻ ገዝቶ ቅዳሜና እሑድ ዒላማ ለመምታት፣ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ አጋዘን ለማደን ለሚፈልግ ሰው መልሱ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። በእጅ የሚሳብ ቦልት (ጥይት የሚያጎርስና ቀለህ የሚያወጣ መዝጊያ) ያለው፣ መካከለኛ ጉልበት ያለው ጥይት የሚተኩስና ከቁመናው ጋር የሚስማማ ጠመንጃ ይበቃዋል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ገንዘቡን በሙሉ ጠመንጃው ላይ ጨርሶ ለማነጣጠሪያው መነጽር (ስኮፕ) እና ለመለማመጃ ጥይት ሳያስቀር ሲቀር ነው። 1,200 ዶላር ያለው ሰው 500 ያህሉን ለጠመንጃው፣ 250 ለስኮፑ፣ 60 ስኮፑን ጠመንጃው ላይ ለሚይዙት ማሰሪያዎች፣ 250 ለጥይት ቢመድብና በቀረው የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ቁልፍ ያለው ሣጥንና ማጽጃ ቢገዛ፣ ውድ ጠመንጃ ይዞ ሁለት ፓኮ ጥይት ብቻ ከተኮሰ ሰው የተሻለ ተኳሽ ይሆናል።

ሕጉን በአጭሩ እንይ። በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ረጅም ጠመንጃ ለመግዛት 18 ዓመት ይበቃል፤ ኮሎራዶ ግን 21 ዓመት ትጠይቃለች። ሱቁ ውስጥ 4473 የተባለውን ቅጽ ትሞላላችሁ፣ የኋላ ታሪካችሁ ይጣራል፣ ከዚያ ቢያንስ 3 ቀን ትጠብቃላችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመሠረቱ የተከለከለ ነው፤ ጥቂት የሕግ ልዩ ሁኔታዎች ስላሉ እንዲህ ያለ ሰው ጠበቃ ሳያማክር የሌላ ሰው መሣሪያ እንኳ በእጁ አይያዝ። ማሪዋና ኮሎራዶ ውስጥ ሕጋዊ ቢሆንም ቅጹ ይጠይቃል፣ የፌዴራል ሕግም ተጠቃሚውን ይከለክላል። በተለይ በእኛ ዘንድ መተባበር የተለመደ ስለሆነ ይህን አጥብቀን እንናገራለን፦ በዘመድ ወይም በጓደኛ ገንዘብ፣ ለእሱ፣ በራሳችሁ ስም ጠመንጃ መግዛት ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። ለማደን ደግሞ ከጥር 1 ቀን 1949 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኞች ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ትምህርቱን ከግዢው በፊት ብትወስዱት ይመረጣል፤ ሱቅ ስትገቡ ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

የጥይቱ ዓይነት

ከሁሉ በፊት የሚወሰነው ጥይቱ ነው፤ የጠመንጃው ክብደት፣ የትከሻ ምቱና የየሳምንቱ ወጪ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ኮሎራዶ ለትላልቅ እንስሳት ቢያንስ .24 ካሊበር (የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት በኢንች) ትጠይቃለች። አረሩ፣ ማለትም ከጥይቱ ተነጥሎ የሚበረው ጫፍ፣ ሲመታ የሚሰፋ ዓይነት መሆን አለበት። ክብደቱም ለአጋዘን፣ ለፕሮንግሆርን (ሚዳቋ መሰል የሜዳ እንስሳ) እና ለድብ ቢያንስ 70 ግሬን፣ ለኤልክና ለሙስ (ትላልቅ የአጋዘን ዘመዶች) ቢያንስ 85 ግሬን ነው። 15 ግሬን ተኩል ገደማ አንድ ግራም ይሆናል። በተጨማሪም በ100 ያርድ ላይ ቢያንስ 1,000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት ሊቀረው ይገባል። ስለዚህ ርካሽና ለዒላማ ደስ የሚል የሆነው .223 ለአጋዘን ከወዲሁ ይወድቃል። አንድ ጠመንጃ ለሁለቱም ብለን ከተነሣን ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ በላይ ነው።

ለጀማሪ የምንመክራቸው ሦስት ናቸው፦ .243 ዊንቸስተር፣ 6.5 ክሪድሙርና .308 ዊንቸስተር። .243 ከሦስቱ ትከሻ ላይ ለስላሳው ነው፤ ሰውነቱ ቀጠን ላለና ምት ለሚያስፈራው ሰው አጋዘንና ፕሮንግሆርን ላይ በጣም ጥሩ ነው። ኤልክ ላይ ሕጉ ቢፈቅደውም ስሕተትን ስለማይምር ለጀማሪ አንመክረውም። .308 ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው። ጥይቱ በየትኛውም ከተማ፣ ትንሽ የገጠር ሱቅ ውስጥ እንኳ ይገኛል፤ በ150 ወይም 165 ግሬን አረር አጋዘንም ኤልክም ይጥላል። ምቱ ግን በቀላል ጠመንጃ ላይ ይሰማል፤ በአንድ ቀን 40 ጥይት የተኮሰ ጀማሪ መጨረሻ ላይ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። 6.5 ክሪድሙር በ2007 ለረጅም ርቀት ዒላማ ተብሎ የወጣ ሲሆን ምቱ በሁለቱ መካከል ነው። አረሩ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ነፋስ ብዙ አይገፋውም። ዒላማውንም አደኑንም እኩል ለሚወድ ሰው የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ኤልክን በዋናነት ለሚያስብ ደግሞ .308 ይሻላል። .30-06 እና .270 የታመኑ የአደን ጥይቶች ቢሆኑም ለረጅም የዒላማ ቀን ይከብዳሉ። ማግነም የሚባሉትን ኃይለኛ ጥይቶች ለመጀመሪያ ጠመንጃ አትግዙ፤ ምቱን መፍራት አንዴ ከተለመደ ለመተው ብዙ ወር ይፈጃል።

ከአገር ቤት ክላሽን ለሚያውቁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የክላሽ ጥይትም .308ም በተለምዶ 7.62 ይባላሉ፣ ነገር ግን የተለያዩ ጥይቶች ናቸው። የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር፣ የ.308ቱ 51 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። በርሜሉ ላይ የተቀረጸው ስምና ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ካልሆነ ጥይቱን አታጉርሱ። የሁለት ዓይነት ፓኮም በአንድ ቦርሳ አትያዙ።

በእጅ የሚሳብ ቦልት የምንመክረው አባቶቻችን በምንሽር ዘመን የሚያውቁት ቀላል አሠራር በመሆኑ ነው፤ የሚበላሽ ክፍሉ ጥቂት ነው፣ ባዶ መሆኑ በአንድ እይታ ይረጋገጣል፣ በዚያው ዋጋ ከከፊል ራስ ሰር ጠመንጃ (በእያንዳንዱ የቃታ ስበት አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ ከሚያጎርሰው) የበለጠ ትክክለኛ ነው። ኮሎራዶ ከፊል ራስ ሰር ጠመንጃን ለአደን ስትፈቅድ በካዝናውና በጉሮሮው (ጥይቱ ለመተኮስ በሚገባበት የበርሜሉ ኋላ) በድምሩ ከ6 ጥይት በላይ እንዳይኖር ትገድባለች፤ ቦልት ላይ ይህ ጣጣ የለም። ሩገር አሜሪካንና ሳቬጅ አክሲስ ከ400 እስከ 600 ዶላር ገደማ ይገኛሉ፣ በ100 ያርድም ለአደን የሚበቃ ትክክለኛነት አላቸው። ጥቂት መቶ ዶላር መጨመር ለሚችል ቲካ ቲ3ኤክስ ቦልቱ ለስላሳ፣ ቃታውም የሚስተካከል ስለሆነ ዒላማ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ከሰውነታችሁ ጋር መስማማቱ

ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ እኛ ግን ከካሊበሩ እኩል እናየዋለን። ከሰደፉ ጫፍ እስከ ቃታው ያለው ርቀት በአብዛኞቹ ጠመንጃዎች 34 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ አጠር ለሚሉ ሰዎች ተብለው የሚሠሩት 31 ወይም 32 ናቸው። ሰደፉ ሲረዝም አንገት ይወጠራል፣ ምቱም ትከሻ ላይ ሳይሆን ክንድ ላይ ያርፋል። ሲያጥር ደግሞ አውራ ጣታችሁ አፍንጫችሁ አጠገብ ይደርሳል፣ ስኮፑም ቅንድብ ይመታል። ሱቅ ስትሄዱ በአደን ወቅት የምትለብሱትን ወፍራም ጃኬት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቦልቱን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ካሳያችሁና እናንተም ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ አፈሙዙን ሻጩ ወደሚያመለክተው አቅጣጫ አድርጋችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትከሻችሁ ላይ አሳርፉት፤ ከዚያ ክፈቱ። ጭንቅላታችሁን ሳታንቀሳቅሱ በስኮፑ ሙሉውን ክብ ካያችሁ ልክ ነው። ጠርዙ ላይ ጥቁር ጥላ ካለ ወይ ሰደፉ ወይ የስኮፑ ቦታ መስተካከል አለበት። ግራኞች የግራኝ ቦልት ያለውን ጠይቁ፤ የቀኙን በግድ መልመድ አያስፈልግም።

ዒላማ ብቻ የሚተኩሱ ሰዎች በርሜሉ ወፍራም የሆነና 5 ኪሎ የሚደርስ ጠመንጃ ይወዳሉ፤ ከጠረጴዛ ላይ እንደ አለት ይረጋል። ያንን ተሸክሞ በ3,000 ሜትር ከፍታ ዳገት መውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እጅግ ቀላሉም ምቱ ይበዛል፣ በርሜሉም ቶሎ ይሞቃል። ከነስኮፑ 3.5 እስከ 4 ኪሎ፣ በርሜሉ ከ51 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለሁለቱም ይስማማል። ቃታው ከ1.1 እስከ 1.8 ኪሎ ባለው ጉልበት ሳይንገራገጭ መሳብ አለበት። ከባድና የሚንሸራተት ቃታ ጠመንጃውን ከዒላማው ይጎትተዋል፣ ጀማሪውም ጥፋቱን በርሜሉ ላይ ያላክካል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ በርሜሉን ከኋላ በብርሃን ተመልከቱ፤ ውስጡ ላይ የዛገ ጉድጓድ ካለ ተዉት። የአፈሙዙ ጠርዝ ከተጫጫረ ወይም ከተሰነጠቀ አረሩን ያጣምማል። የዶላር ኖት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አስገብታችሁ ወደ ኋላ ሳቡ፤ አንድ ጎን ላይ ብቻ ከተያዘ በርሜሉ ሲሞቅ እንጨቱ ይገፋዋል፣ ጥይቶቹም እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ።

ስኮፑ

ሦስት-እስከ-ዘጠኝ እያጎላ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኮፕ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ቮርቴክስ ክሮስፋየርና ሊዮፖልድ ቪኤክስ-ፍሪደም በዚህ ደረጃ የሚታመኑ ናቸው። ትልቅ ማጉያ ዒላማ ላይ ያስደስታል፤ ጫካ ውስጥ 40 ሜትር ላይ ብድግ ያለ አጋዘን ግን በጣም ጎልቶ ሲታይ ፀጉር ብቻ ይሆናል። በዓይናችሁና በኋላው መስታወት መካከል ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ከዚያ ያነሰ ከሆነ በ.308 ምት ቅንድብ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ጠባሳ የሚመጣው በተለይ ሽቅብ ሲተኮስ ነው። የማሰሪያውን ብሎኖች በግምት አታጥብቁ። የቀለበቶቹ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል፤ አምራቹ የጻፈውን ተከትላችሁ ልኬት ባለው መፍቻ እኩል እኩል እያፈራረቃችሁ እሰሩ። ላልቶ የታሰረ ስኮፕ በየምቱ ይንቀሳቀሳል፣ ከመጠን በላይ የጠበቀም ቱቦው ይጠመዘዛል። «ጠመንጃው አይመታም» ከሚሉ ቅሬታዎች ብዙዎቹ የሚፈቱት እዚህ ነው።

ጥይቱን ለሁለት ክፈሉት። ለመለማመጃ ርካሹን ሙሉ ለበስ ጥይት ተጠቀሙ፤ ለአደን ግን አይፈቀድም፣ ሳይሰፋ በስቶ ስለሚያልፍ እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል። ለአደን ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት የሚሰፋ ጥይት አንድ አንድ ፓኮ ገዝታችሁ ፈትኑ። አንዱ በርሜል አንዱን ይወዳል፣ ሌላውን ይበትናል፤ ዋጋው አይወስነውም። የተሻለውን ስታገኙ ከዚያው በርከት አድርጋችሁ ግዙ።

ዜሮ ማድረግ (ስኮፑ የሚያሳየው ነጥብና ጥይቱ የሚያርፍበት እንዲገጥሙ ማስተካከል)

1. ቦልቱን አውጥታችሁ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፉ። በበርሜሉ ቀዳዳ 25 ያርድ ላይ ያለውን ዒላማ መሐል አስገቡና፣ ጠመንጃውን ሳታንቀሳቅሱ የስኮፑን መስቀል ወደዚያው ነጥብ አምጡ።

2. በ25 ያርድ 3 ጥይት ተኩሱ። የሦስቱን መካከል ወስዳችሁ አስተካክሉ። ሩብ ኤምኦኤ (ኤምኦኤ በ100 ያርድ 1 ኢንች ያህል የሚሆን የማዕዘን መለኪያ ነው) በሚንቀሳቀስ ስኮፕ የማስተካከያው አንድ ጠቅታ በ100 ያርድ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲያዞር፣ በ25 ያርድ ሩቡን ብቻ ያዞራል፤ 1 ኢንች ለማንቀሳቀስ 16 ጠቅታ ያስፈልጋል። ብዙዎች 4 ጠቅታ ብቻ አዙረው ስኮፑ ተበላሽቷል የሚሉት ለዚህ ነው።

3. ወደ 100 ያርድ ሂዱ። በምታድኑበት ጥይት 3 ተኩሱ፣ ቦልቱን ከፍታችሁ በርሜሉ በእጅ ሊነካ እስኪችል ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ አስተካክሉ። በአንድ ጥይት ብቻ ተመርታችሁ አታዙሩ።

4. ሦስቱ ጥይቶች በ4 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ከወደቁ ለአደን ይበቃል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው።

በ100 ያርድ ዜሮ የሆነ .308 በ150 ግሬን አረር 200 ያርድ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ 300 ያርድ ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ዓመት አደን ከ200 ያርድ በላይ አትተኩሱ። ዜሮው ካለቀ በኋላ ጠረጴዛውን ተዉትና ቁጭ ብላችሁ፣ ተንበርክካችሁ፣ በዱላ ተደግፋችሁ ተለማመዱ። ሜዳ ላይ ጠረጴዛ አይገኝም። ጆሯችሁን በሁለት ድርብ ሸፍኑ፣ ከውስጥ ቡሽ ከላይ መሸፈኛ፤ አንድ የ.308 ተኩስ ያለመከላከያ ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። አቅም ካለ ቆየት ብላችሁ ርካሽ .22 ጨምሩ፤ የቃታ አሳሳብ የሚለመደው በእሱ ነው።

ወደ አደን ከመሄዳችሁ ሳምንት በፊት፣ ከቤት ሣጥን በወጣ ቀዝቃዛ በርሜል አንድ ጥይት ብቻ 100 ያርድ ላይ ተኩሱና የት እንደወደቀ ጻፉ። አጋዘኑ ላይ የምትተኩሱት ያንን የመጀመሪያውን ጥይት ነው። በርሜሉን በዘይት ካጸዳችሁ የመጀመሪያው ጥይት ሊስት ስለሚችል፣ ሁለት ወይም ሦስት ጥይት ተኩሳችሁ ከዚያ እስከ አደኑ ሳታጸዱ አቆዩት። መኪና ውስጥ ስትገቡ በጉሮሮው ጥይት እንዳይኖር፤ ኮሎራዶ ይህን በሕግ ትከለክላለች። ትታችሁት የምትወርዱ ከሆነም በተቆለፈ መያዣ ውስጥ ይሁን። በጉዞው ላይ ጠመንጃው ከወደቀ ወይም ስኮፑ ከተመታ፣ ካምፕ ስትደርሱ ዒላማ ላይ ሳታረጋግጡ ወደ አደኑ አትግቡ፤ ለዚህ ብላችሁ ከያዛችሁት የአደን ጥይት አንድ ፓኮ ትርፍ ያዙ።