መንገድ መጠየቂያ ጣሊያንኛ፣ ለሮም አዲስ ገቢዎች

ጣሊያን በገባችሁ ሰሞን ቋንቋው ቢያስፈራችሁም ባዶ እጃችሁን አልመጣችሁም። ፌርማታ፣ ፒያሳ፣ ፖስታ፣ ቦርሳ እያላችሁ ነው ያደጋችሁት። ሮምም አውቶቡስ የሚቆመው ፌርማታ ላይ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት እስክትገቡ አትጠብቁ፤ መንገድ በመጠየቅ ጀምሩ።

መጀመሪያ «ስኩዚ» በሉ፣ ይቅርታ ማለት ነው። «ስኩዛ» ለእኩያና ለጓደኛ ነው። ጣሊያኖችም እንደኛ አንተንና እርስዎን ይለያሉ፤ እርስዎ የሚሉት «ሌይ» ብለው ነው፣ ለወንድም ለሴትም። የማታውቁትን ሰው፣ በተለይ ሽማግሌና የቢሮ ሠራተኛ፣ በእርስዎ ጠይቁ። እኛ አክብሮት ተምረን ያደግን ሰዎች ነን፣ በቋንቋ እጥረት ብቻ ባለጌ መምሰል የለብንም።

ጥያቄው አጭር ይሁን። የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ወደሆነው ቴርሚኒ ለመሄድ «ስኩዚ፣ ፔር ቴርሚኒ?» ካላችሁ ይበቃል። «ዶቬ ዴቮ ሼንዴሬ?» የት ልውረድ ማለት ነው። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ግን «ኬ ኮዛ ሚ ኮንሲሊያ?»ን ነው፤ ምን ይመክሩኛል? «የት ነው?» ስትሉ ሰውየው ጣቱን ቀስሮ ያሳያችኋል። ምክር ስትጠይቁ ግን ሰውየው ቆም ብሎ ያስብላችኋል፦ «ሌ ኮንቪዬኔ ላ ሜትሮ»፣ በሜትሮ ቢሄዱ ይሻልዎታል። ወይም ዛሬ «ሾፔሮ» አለ ይላችኋል፣ የሥራ ማቆም አድማ ማለት ነው። በሥራ ቀን አድማ ቢኖርም የክልል ባቡሮች በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ 3፣ ከምሽቱም 12 እስከ 3 ሰዓት የተወሰነ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ሰዓት ካነሳን «አሌ ሴቴ» ሲሏችሁ 7 ሰዓት ብላችሁ እንዳትይዙት፤ በኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ለቀጠሮ ስትወጡ በተለይ አስተውሉ።

መጠየቁ ቀላል ነው፣ የሚከብደው መልሱን መስማት ነው። ከሮም ወደ ፔሩጃ ስሄድ አንዲት እናት «ካምቢ ኣ ፎሊኞ» አሉኝ። ፎሊኞን ሰማሁ፣ «ካምቢ»ን ግን አልያዝኩም፤ ራሴን ነቅንቄ አመሰገንኳቸው። ፎሊኞ ላይ ባቡር መቀየር ነበረብኝ። ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ተራራውን አቋርጬ ፋብሪያኖ ደረስኩ፣ በምሽት፣ በብርድ። ከዚያ ወዲህ የተነገረኝን መልሼ እላለሁ፦ «ካምቢዮ ኣ ፎሊኞ፣ ጁስቶ?» ልክ ነኝ? ሳይገባችሁ «ሲ፣ ሲ» አትበሉ። «ፒው ፒያኖ፣ ፔር ፋቮሬ» በሉ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ።

ዴስትራ ቀኝ፣ ሲኒስትራ ግራ፣ ሴምፕሬ ድሪቶ ቀጥ ብሎ፣ ቢናሪዮ የባቡሩ መስመር፣ ሪታርዶ መዘግየት ነው። የአውቶቡስ ቲኬት ትልቅ «ቲ» ፊደል ያለበት የትምባሆ ሱቅ፣ «ታባኪ»፣ ይሸጣል። የወረቀት የክልል ባቡር ቲኬት ከሆነ ሳትሳፈሩ መስመሩ አጠገብ ባለው ማሽን አስመቱት፤ ያለዚያ ቅጣት ይከተላል።

አውቶቡስ ውስጥ ከኋላችሁ «ሼንዴ?» የሚል ካለ ቀጣዩ ላይ ይወርዳሉ ወይ እያለ ነው። ካልወረዳችሁ «ኖ፣ ፕሬጎ» ብላችሁ አሳልፉት።

ቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ብዙ አውቶቡሶች የሚነሱበት ነው። ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት ጦር መታሰቢያ። እዚያ ቆማችሁ አንድ አዲስ ገቢ ወገን ግራ ገብቶት ብታዩ በአማርኛ መንገሩ ብቻ አይበቃም። የሚሄድበትን ፌርማታ ስም ሁለት ሦስቴ ከአፉ እስኪወጣ አስብሉት፣ «ዶቬ ዴቮ ሼንዴሬ?»ንም ጨምሩለት፣ ከዚያ አሳፍሩት።