ዛንዚባር ላይ ኮራል ለማየት፦ ከባሕሩ ሰዓት እስከ ማስኩ

ዛንዚባር ላይ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ባሕር ለማግኘት ብዙ ልፋት የለውም። ከውሃው በታች ያለውን ኮራል በእርጋታ ማየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጀልባ ተሳፍሮ ሄዶ፣ ማስኩ (ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍነው የውሃ መነጽር) ውስጥ ውሃ ሲገባበት ተደናግጦ ይመለሳል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሲደናገጥ ኮራሉ ላይ መቆሙ ነው።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በጣም ትንንሽ ፍጥረታት ተሰባስበው የኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራሉ። ቀለማቸውንና አብዛኛውን ምግባቸውን የሚያገኙት ሰውነታቸው ውስጥ ከሚኖር አልጌ፣ ማለትም በዓይን ከማይታይ ተክል መሰል ነገር ነው። ድቡልቡል የሆነው ዓይነት በዓመት የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ ኮራል ስታዩ የመቶ ዓመት ሥራ ፊታችሁ አለ ማለት ነው። አንድ ሰው ቢቆምበት ግን ለመሰበር አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ስለዚህ ኮራል የሚታየው ተንሳፍፎ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ሳትጨነቁ እንድትንሳፈፉ ለማገዝ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከባድ ዝናብ አለ። ውሃው ይደፈርሳል፣ ጀልባም ይቀራል። ኅዳር ላይም አጠር ያለ ዝናብ ይመጣል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የምሥራቁን ዳርቻ ያናውጠዋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሙቀቱ ይበረታል።

ዛንዚባር ለሚገቡ የውጭ እንግዶች ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደሴቲቱን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ሆኗል። ሲጀመር ለአዋቂ ሰው 44 ዶላር ነበር። ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ይሄኛው አይቀርላችሁም። የፕላስቲክ ከረጢት ይዛችሁ አትሂዱ፣ የተከለከለ ነው።

ሻንጣችሁ ውስጥ ሌላ ነገር ቢረሳ ይረሳ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ቲሸርት ግን አይረሳ። ተንሳፍፋችሁ ወደ ታች ስታዩ ጀርባችሁ ለፀሐይ ይጋለጣል፣ ውሃው ስለሚያቀዘቅዛችሁም መቃጠላችሁ አይታወቃችሁም። ክሬም ከመደራረብ ልብስ ይሻላል። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሳት ያለባቸው የፀሐይ ክሬሞች ኮራልን ይጎዳሉ ተብሎ ሃዋይ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ከልክላለች። ለፊትና ለእጅ ክሬም ካስፈለጋችሁ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ምረጡ። ወፍራም ሶል ያለው የውሃ ጫማም ያዙ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የባሕሩን ሰዓት እወቁ

ፎቶ አይቶ ሆቴል የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ባሕሩ ሲጎድል በጣም ይርቃል። ጠዋት የዋኛችሁበት ቦታ ከሰዓት በኋላ በእግር የሚኬድበት አሸዋ ይሆናል። እዚያ ላይ ሴቶች የባሕር አረም ሲያለሙ ታያላችሁ። በጣም ያምራል፣ ለዋና ግን አይሆንም። በስተሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዋኛል። ለመዋኘት ብቻ ከሆነ የምትሄዱት ሰሜኑን ያዙ። ሰፊና ጸጥ ያለ ዳርቻ ለሚወድ ምሥራቁን እመርጣለሁ።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። በየቀኑ ደግሞ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ያን ያህል ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የሚፈጥረው ጅረት ቀላል አይደለም። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ይጠባል፣ ጅረቱም ይቀንሳል። በዚያ ሳምንት ባሕሩ የሚሞላው ረፋዱ አካባቢ ስለሆነ ጠዋት ወጥቶ ኮራል ለማየት በጣም ይመቻል። ቀን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ የግማሽ ጨረቃውን ሳምንት ምረጡ።

ውሃ ውስጥ መግባት ያለባችሁ ከሙላቱ አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ነው። ሲሞላ ጅረቱ ረገብ ይላል፣ በሆዳችሁና በኮራሉ መካከልም በቂ ውሃ ይኖራል። መጉደል ሲጀምር ግን ውሃው በኮራሉ ክፍተቶች በኩል ወደ ጥልቁ ይወጣል፣ ሰውንም ይዞ ይሄዳል። ያኔ መውጣት ነው።

የሙላቱን ሰዓት ስልክ ላይ ከሚገኝ ሰንጠረዥ ማየት ይቻላል። እኔ ግን ዓሣ አጥማጆቹንም እጠይቃለሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዛንዚባር ሰው በስዋሂሊ ሲያወራ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። በስዋሂሊ ሦስት ሰዓት ካላችሁ ያው የኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ፈረንጅ ሰዓት ይዞራል፣ የስልካችሁ ሰንጠረዥም እንደዚያው ነው። ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁ።

ማስኩ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ለዚህ ነው። ጀልባ ላይ የሚታደለው ማስክ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፣ ላስቲኩ ደርቋል፣ ልኩም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቀው የዋና ክንፍ) ሳይሆን ማስክ ግዙ። ፊን መከራየት ይቻላል፤ ለጀማሪ እንዲያውም ባይኖር ይሻላል፣ ሳይታወቃችሁ ኮራሉን የምትመቱት በእሱ ነውና።

ማስክ ስትመርጡ ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጡትና ማስኩን ብቻ ፊታችሁ ላይ አስጠግታችሁ በአፍንጫችሁ ትንሽ አየር ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው። ከወደቀ ወይም በአንድ በኩል አየር ከገባ ሌላ ሞክሩ። ዋጋው አይሸውዳችሁ፤ ውዱ ማስክ ለፊታችሁ የማይሆን፣ ርካሹ ልክክ የሚል ሊሆን ይችላል። ዙሪያው ለስላሳ ሲሊኮን መሆኑን ግን አረጋግጡ።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲወጣ መስታወቱ ላይ ስስ ቅባት መሰል ነገር ይቀርበታል። በነጭ የጥርስ ሳሙና ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ፈትጋችሁ እጠቡት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። ይህ ካልተደረገ የፈለጋችሁትን ብታደርጉ ጉም ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ቀብቶ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። ምራቅም ይሠራል።

ማሰሪያውን አታጥብቁት። ውሃ ሲገባ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ማጥበቅ ነው፣ ሲጠብቅ ግን ዙሪያው ይጣመምና የባሰ ያስገባል። ማሰሪያው ከጆሮ በላይ፣ ከጭንቅላት ኋላ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከማስኩ ጠርዝ ሥር አንዲት ፀጉር እንኳ ከቀረች ውሃ በእሷ በኩል ይገባል። ጢም ያለው ሰው ከአፍንጫው ሥር ያለውን ቢያሳጥር ይጠቅመዋል።

ቀጥሎ ልምምድ ነው። ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ባሕሩ ሲሞላ፣ አሸዋ ላይ፣ ውሃው ወገባችሁ በሚደርስበት ቦታ ሂዱ። መጀመሪያ ቆማችሁ ስኖርክሉን (የመተንፈሻውን ቱቦ) ንከሱና በአፍ ብቻ ተንፍሱ። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ስትከቱ ሰውነታችሁ ትንፋሽ ያዝ ይላችኋል። አትያዙ። ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ከሳባችሁት በላይ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። ይሄ የድንጋጤው ሁሉ መድኃኒት ነው። አጭር አጭር መተንፈስ የተቃጠለውን አየር ቱቦው ውስጥ ያስቀረዋል፣ ያኔ አየር ያነሳችሁ ይመስላችኋል፣ የባሰ ትቸኩላላችሁ።

ትንፋሹ ሲስተካከል ሆን ብላችሁ ውሃ አስገቡ። ማስኩን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ግማሽ ድረስ ይሙላ። ከዚያ የማስኩን የላይኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ግንባራችሁ ላይ ጫን አድርጋችሁ፣ ቀና ብላችሁ፣ በአፍንጫችሁ አስወጡ። ውሃው ከታች በኩል ይወጣል። ስኖርክሉ ውስጥ ውሃ ሲገባ ደግሞ በአፋችሁ አንዴ በኃይል እፍ ማለት ነው። ሳታስቡት እስክታደርጉት ድረስ ደጋግሙት። ውሃ መግባቱ የማያስፈራው ሰው ኮራል ላይ አይቆምም።

የመጨረሻው ልምምድ ዕረፍት ነው። ሲደክማችሁ እግራችሁን ወደ ታች አትዘርጉ፤ በጀርባችሁ ተገልብጡ። የባሕር ውሃ ጨው ስላለው ይሸከማችኋል። ዋና የማይችል ሰው ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) ይልበስ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን አዲሱን ዓይነት ማስክ አልወደውም። ውሃ ከገባበት በቀላሉ አይጸዳም፣ በጥድፊያ ለማውለቅም ያስቸግራል።

የት ትሂዱ፣ በማን ጀልባ

ለጀማሪ ቹምቤን አስቀድማለሁ። ከስቶን ታውን (ከዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል) በስተደቡብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ የኮራል አካባቢዋ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ዓሣ አይጠመድበትም፣ የጎብኚው ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚያስገባችሁም ጠባቂ ነው። ከሌላው ይወደዳል፣ አስቀድሞም መያዝ ያስፈልጋል። ግን ሰው ካልረገጠው ኮራል ምን እንደሚመስል እዚያ ይታያል።

ምነምባ ከሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ፊት ለፊት ነው ያለው። ደሴቱ የግል ስለሆነ መውረድ አይቻልም፣ በዙሪያው ያለውን ኮራል ማየት ግን ይቻላል። ዓሣው ብዙ ነው፣ ጀልባውም እንደዚያው። ረፋዱ ላይ በሰው ይጨናነቃልና ማልዶ የሚነሳ ጀልባ ፈልጉ። እዚያ ጅረት አለ። ከወሰዳችሁ አትታገሉት፤ ተንሳፈፉ፣ አንድ እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ ጀልባው ይመጣል።

ከባለ ጀልባው ጋር ከዋጋ በፊት የምጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ስንት ሰው ትጭናለህ? ላይፍ ጃኬት ለሁሉም አለ? የባሕር ጥበቃ ክልሉ መግቢያ ክፍያ የጀልባው ዋጋ ውስጥ ነው? ጀልባውን የምታስረው ምን ላይ ነው? መልሱ ተንሳፋፊው ማሰሪያ ላይ ወይም አሸዋ ላይ ከሆነ ጥሩ። መልሕቁን ኮራል ላይ ሲጥል አይቼ ያዘንኩበት ጀልባ አለ። አንዴ ሲወድቅ፣ አንዴ ሲጎተት፣ ከስሩ ያለው ሁሉ ደቀቀ። አሁን ሳልጠይቅ አልሳፈርም።

ውሃ ውስጥ

ኮራሉ ላይ አትጠጉ፣ በክንድ ርዝመት ራቁ። ዝም ብሎ አንድ ቦታ መንሳፈፍ ከመዋኘት የበለጠ ያሳያል። ጆሮ ብትሰጡ ቅርጭ ቅርጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራሉን እየጋጠ ነው። አልጌውን ይበላና ድንጋዩን አድቅቆ ያስወጣዋል። የምትተኙበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ነጣ ያለ ኮራል ካያችሁ ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቆ አልጌውን አስወጥቶት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ኮራል እንዲህ ክፉኛ ተመቷል። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፣ ሙቀቱ ቶሎ ከቀነሰ ሊያገግም ይችላል። ስለዚህ እሱን የበለጠ ተጠንቀቁለት።

አስጎብኚው ለዓሣ ዳቦ ሲሰጥ ተዉ በሉት። ኮከብ ዓሣ ከውሃ አውጥቶ ለፎቶ ሲያቀብላችሁም አትቀበሉ፤ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያደርጉት ቱሪስቱ ይወዳል ብለው ነው። እንግዳው ራሱ አልፈልግም ካለ ይተዉታል።

ጥልቀት በሌለው ቦታ በእግር ስትሄዱ ግን የውሃ ጫማው ያስፈልጋል። ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው የባሕር ጃርቶች በብዛት አሉ፣ እሾሁ እግር ውስጥ ይሰበራል። ድንጋይ የሚመስለው ስቶንፊሽ የተባለ ዓሣ ደግሞ ጀርባው ላይ መርዝ አለው፣ እሾሁም ጫማ ሊበሳ ስለሚችል እግራችሁን በአሸዋው ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ። ከወጋችሁ የተወጋውን ቦታ ልትታገሡት በምትችሉት ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ከ45 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ ነክራችሁ ወዲያው ወደ ሕክምና ሂዱ። ሾጣጣ ቅርጽ ያለው ውብ ዛጎል ካያችሁ በእጃችሁ አታንሱ፤ ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ ሰው የሚገድል መርዝ ሊኖረው ይችላል።

ከባሕሩ ወጥታችሁ መንደር ውስጥ ወይም ስቶን ታውን ስትገቡ ትከሻና ጉልበታችሁን ሸፍኑ። የዋና ልብስ ለባሕር ዳርቻ ነው፣ ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ቅር ይለዋል። ማስኩን በንጹሕ ውሃ እጠቡና ጥላ ውስጥ አድርቁት። ዳርቻው ላይ ዛጎልና የደረቀ ኮራል የሚሸጥ ሰው ይመጣል። አትግዙ። ጠንካራ ኮራል በዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ጥበቃ ሥር ስለሆነ አየር ማረፊያ ላይ ሊያስይዛችሁ ይችላል፣ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ ከነሕይወቱ ከባሕር የተነቀለ ነው።